«ንፋስ ዞሮበት ነው»

ጥቅምት 4

ለምወድሽ እትዬ፣

ከልቤ የተነሣ ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽን፣ ጉልበትሽን፣ እንቅልፍሽንም ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለቴም ሰረዝኩት። በሕይወት አለን፣ እሱ ይመስገን።

ለምን በስልክ አትነግሪኝም እንደምትይ አውቃለሁ። ስልክ ሳነሣ ምላሴ ይተሳሰራል። ባለፈው ስትደውዪ «እሺ» እና «ደህና ነን» ብቻ ብዬ ዘጋሁት፤ ከዚያ ልነግርሽ የነበረውን ሁሉ ለራሴ ሳወራ ዋልኩ። አባዬ ደግሞ ስልኩን ስሰጠው «እጄ ቆሻሻ ነው» ይላል። በወረቀት ግን እችላለሁ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ባቋርጥም አስተማሪያችን የእጅ ጽሑፌን ያደንቁልኝ ነበር። ከእኔ ያደነቁት እሱን ብቻ ነው።

አያቴ ካረፈች ሁለት ወር ሆናት። አልጋዋን ፈትተን ከጓዳ አውጥተናል። ቤቱ ሰፋ፤ ስፋቱ ግን አይመችም።

የምጽፍልሽ ስለ አባዬ ጤና ነው። ዘንድሮ ቲማቲሙን ትል ክፉኛ ስለጎዳው በየአራት ቀኑ መድኃኒት ይረጫል። መርጫውን በጀርባው ተሸክሞ ሲውል እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ብርጭቆ የሚይዘው በሁለት እጁ ነው። ራሱን ያመዋል፣ ምራቁ ይበዛል፣ ዓይኑን ብዥ ይለዋል። ጓንት የለውም። ሱቅ ያለው አንዴ ሲታጠብ የሚቀደድ ነው። አፉን የሚሸፍነው በእኔ አሮጌ ሻርፕ ነው። አንቺ ሆስፒታል ስለምትሠሪ ወፍራም ጓንትና ማጣሪያ ያለው የአፍ መሸፈኛ ከቻልሽ ላኪልን። ሌላ ነገር አንፈልግም።

ጥንቃቄ የማያውቅ ሰው ነው እንዳትይ። በንፋስ በኩል እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ዛሬም ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ነጭ ጨርቅ አስሮ የቲማቲሙ መደብ ራስ ላይ ሳይተክል አንዲት ጠብታ አይረጭም። ጨርቁ ወደ እሱ ከዞረ ሥራ ያቆማል። ሰዉ ሁሉ «ባለባንዲራው» ነው የሚለው። ትናንት ጎረቤታችን ባለትራክተሩ አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ «ባለባንዲራው፣ ዛሬ ደግሞ የምን በዓል ነው?» አለው። ድሮ ቢሆን አባዬ «የሥራ ፈቶች በዓል ነው፣ እንኳን አደረሰህ» ይለው ነበር። ትናንት ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ባለትራክተሩም ደንግጦ አጥሩን ለቀቀ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ምንም ላይሆን ይችላል። መደቡ ጫፍ ሲደርስ ቆሞ ይናገራል። ከማን ጋር እንደሆነ አላውቅም፤ ቀርቤ መስማት አፈርኩ። ሲመለስ ደግሞ በጠባቧ መሄጃ ላይ ጎኑን ሰጥቶ ይቆማል፣ ሰው እንደሚያሳልፍ።

የወንድምሽ ልጅ


ጥቅምት 27

ለጭምቷ ልጄ፣

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ የሥራ ልብሴን እንኳ ሳላወልቅ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ቃል ከአፍሽ በወረንጦ ነበር የሚወጣው፤ በወረቀት እንዲህ ወሬኛ መሆንሽን ማን አወቀ። እደጊልኝ፣ ክፉ አይንካሽ። ለወንድሜም ፈጣሪ ጉልበቱን ይመልስለት።

እኔ እዚያው የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነኝ፣ ምድር ቤት። ቀኑን ሙሉ አንሶላ ይገባል፣ አንሶላ ይወጣል። ያለችን አንዲት መስኮት የትሪ ስፋት ናት። እሷ ክረምት ከበጋ ካልተከፈተች አልሠራም ስለምል የሥራ ጓደኞቼ «ወይዘሮ መስኮት» ብለው ሰይመውኛል። ብርድ ሲገባ እነሱ ይሰድቡኛል፣ እኔም እሰድባቸዋለሁ፣ ቀኑ ያልፋል።

አራት ጥንድ ወፍራም ጓንትና ሁለት መሸፈኛ በሚመጣ ሰው ልኬያለሁ። አሁን የምልሽን ልብ ብለሽ ያዢ። የረጨበትን ልብስ ከሌላው ጋር እንዳታጥቢ፤ ለብቻው በሌላ ሳፋ፣ ጓንት አድርገሽ። ጫማውን ደጅ ያውልቅ። በሳሙና ሳይታጠብ ምግብ አይንካ። ባዶ ሆዱን አይርጭ። ፀሐይ ሲበረታ አይርጭ። እዚህ የማውቃት አንዲት ነርስ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደሙ ይመርመር፣ ለጊዜውም መርጨት ያቁም ብላለች። እንደማይሰማሽ አውቃለሁ፤ አንቺ ግን ንገሪው።

ብቻውን ያወራል ስላልሽው አትጨነቂ። እናቱን የቀበረ ሰው ነው። ማሳ ላይ ብቻውን የሚውል ሰው ሁሉ ያወራል። አባታችንም ከሽንኩርቱ ጋር ይሟገት ነበር።

ይበላል ወይ? ከስቷል? ይህን ጻፊልኝ።

እትዬሽ


ኅዳር 19

ለእትዬ፣

እንደ አንሶላው ብዛት ዕድሜሽን ያብዛልን። እጅሽ አይዛል፣ መስኮትሽም አይዘጋ።

ዕቃው በሰላም ደርሷል። አባዬ ጓንቱን አገላብጦ አየና፣ «ይህ የሐኪም ነው፣ ለቲማቲም ያሳዝናል» አለ። የሳቀ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ግድግዳው ላይ በምስማር ሰቀለው፤ እስካሁን እዚያው ነው። አምስት ጣቱን ዘርግቶ ስለተሰቀለ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ሰው የቆመ ይመስለኛል።

መብላቱን ጠይቀሽኛል። ይቀምሳል። እኔ ፊት ይጎርሳል፣ ዘወር ስል ሳህኑን ለዶሮዎች ይሰጣል። ቀበቶውን በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስቶለታል።

ከዚህ ወር መግቢያ ጀምሮ ጨርቁን ማሰር ትቷል። እንጨቱ አጥር ጥግ ወድቋል። ንፋሱ በየት ይምጣ በየት አያይም፤ መርጫውን አዝሎ ዝም ብሎ ይገባበታል። አንዳንዴ ቀጥ ብሎ ቆሞ በጠራራ ፀሐይ «ዞሯል፣ ዞሯል» ብሎ ይጮኻል። የመጀመሪያ ቀን እኔም ባለትራክተሩም ሮጠን ሄድን። ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም ነበር። አባዬ እኛን ሲያይ አፈረና ጎንበስ ብሎ የሌለ አረም ነቀለ።

ሌላም አለ። የፓምፑን መፍቻዎች በሙሉ ለባለትራክተሩ ሰጠው። አዲሱን ዶማ ቦይ ለሚጠብቁት ሽማግሌ ሰጣቸው። «አንተስ በምን ትቆፍራለህ?» ስለው «እኔ ይበቃኛል» አለ። ሰዎች ለጋስ ሆነ ይላሉ። የመጨረሻውን መደብ ደግሞ ሳይተክልበት ትቶታል፤ አለስልሶታል፣ ውኃ ያጠጣዋል፣ ችግኝ ግን የለበትም። የማን እንደሆነ ስጠይቀው ጎንበስ ብሎ ውኃ ለቀቀበት። እዚያ አጠገብ ስለቅም እኔም መንገድ መልቀቅ ጀምሬያለሁ። ለማን እንደምለቅ አላውቅም።

የገበሬዎች ማኅበሩ በየማክሰኞው አንዲት ነርስ መጋዘኑ በረንዳ ላይ ያስቀምጣል። ደም ግፊት ትለካለች፣ የመድኃኒት መመረዝ ታያለች፣ ከዚያ ስለ ልባችሁ ንገሩኝ ትላለች። «ጠያቂዋ» ብለዋታል። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ደስታ ያጣችሁበት ቀን አለ?» ስትል አንዱ ሰውዬ፣ «ደስታዬን ከጎመኑ ጋር ዘርቼው ነበር፣ አልበቀለም» አላት። ሁሉም ሳቁ፣ እሷም ሳቀች፣ ግን ወረቀቷ ላይ ጻፈችው።

አባዬን ለምኜ ወሰድኩት። ወረፋው የመጨረሻ ነበር። «አንዳንድ ቀን መኖር ሰልችቶህ ያውቃል?» አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። አባዬ በጣም በትሕትና፣ «እሱን ጠይቂው፤ ወረፋ ይዞ ከኋላዬ ቆሟል» አላት። ዞር ብላ አየች። እኔም አየሁ። ከኋላው ባዶ ከረጢቶች ነበሩ።

እትዬ፣ እንቅልፍ የሚያስወስድ ኪኒን አለ ይባላል። ከቻልሽ እሱን ላኪልኝ። ደግሞ ልጠይቅሽ፤ ወንዱ አያቴ እንዴት ነው የሞቱት? እኔ የማውቀው «መድኃኒት ሲረጭ ንፋስ ዞሮበት ነው» የሚለውን ብቻ ነው። ይህን ሲሉ ሁሉም ሰው ለምን መሬት መሬት ያያል?

የወንድምሽ ልጅ


ታኅሣሥ 24

ለልጄ፣

ሰላምሽ ይብዛ። መልሴ ዘገየ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ተጨማሪ ፈረቃ ወስጄ ነበር።

ኪኒን አልልክም፣ ደግመሽም አትጠይቂኝ። ገንዘብ ልኬያለሁ፤ ሥጋም ቅቤም ገዝተሽ አብዪው። ልብስም ግዢለት። ለአንቺም ጫማ።

አያትሽ ሲረጭ ንፋስ ዞሮበት ነው። ይኸው ነው። የቆየ ነገር ነው፣ አትቆፍሪው።

መሣሪያ ሌላ ለማን ሰጠ? አንድ በአንድ ጻፊልኝ። የመድኃኒት ክፍሉን ቁልፍ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ያዢው። ለምን አትበዪኝ። ብቻውን አትተዪው። ወደዚያች ነርስ ደግሞ ሂጂ፤ አታፍሪ። ስትደርሺ የምትይው ከጠፋሽ ይህን ወረቀት ስጫት።

እትዬሽ


ጥር 9

ለእትዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ገንዘቡ ደርሷል፣ ሥጋውም ተገዝቷል፣ አልተበላም። የፃፍሽውን ቃል በቃል አደረግሁ። ቁልፉን ከምስማሩ አንሥቼ በአንገቴ አሰርኩት፣ ከልብሴ ሥር። በሦስተኛው ቀን ልብስ ሳጥብ አባዬ መጣ፤ ቀትር ላይ ነበር። የመድኃኒት ክፍሉ በር ላይ ቆመና በመዳፉ ምስማሩን ዳበሰ።

«ቁልፉ የት ሄደ?»

«አላየሁትም።»

«ዝም የሚል ሰው ውሸት አያምርበትም» አለ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«አልሰጥህም» አልኩት። በሕይወቴ ለአባዬ «አልሰጥህም» ስል የመጀመሪያዬ ነው። ቁልፉን ከልብሴ በላይ በእጄ ጨበጥኩት። እጄን አየ። ከዚያ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠና አጠገቡ ያለውን ቦታ በእጁ መታ መታ አደረገ። ተቀመጥኩ።

የነገረኝን እጽፍልሻለሁ። ሁለተኛ ክፍል እያለ ሥራው ንፋስ መጠበቅ ነበር። አባቱ ሲረጩ እሱ መደቡ ራስ ላይ ከእንጨቱ ሥር ቆሞ ጨርቁን ያያል፤ ጨርቁ ከዞረ «ዞሯል» ብሎ መጮኽ ነው። ያን ቀን አልጮኸም። ዓይኑን ገልጦ እንደተኛ ነው የነገሩት። «አባቴን የገደለው የእኔ ዝምታ ነው» አለኝ። «አሁን ሁልጊዜ እጮኻለሁ፤ ግን ዘግይቷል፤ አባቴ ከኋላዬ ቆሞም፣ መደብ ትቼለትም አይሰማኝም።» ከዚያ ደግሞ፣ «እናቴ ሳትሞት ሦስት ቀን እጄን ይዛ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፣ ሊወጣላት አልቻለም። ይቅር ልትለኝ ይሆናል። ሳትለኝ ሄደች» አለ።

እኔ ምንም አልመለስኩለትም። ሁልጊዜ እንደማደርገው። ዝምታ ሰው ይገድላል ለሚል አባት ዝም አልኩት።

በማግስቱ ማክሰኞ ነበርና ወደ ማኅበሩ ሄድኩ። ሰዉ ሁሉ እስኪያልቅ ከሚዛኑ ጀርባ ቆምኩ። ነርሷ ዕቃዋን ስትሰበስብ አየችኝ። ወረቀትሽን ልሰጣት አወጣሁና መልሼ ያዝኩት። «አባቴ ሊሞት ነው የሚፈልገው» አልኳት። በራሴ አፍ። ተቀመጪ አለችኝ፣ ውኃ ሰጠችኝ፣ ሁሉንም ጠየቀችኝ። በነጋታው ከማኅበሩ ሊቀመንበር ጋር ጋሪ ይዘው መጡ። የእኛን ብቻ ቢወስዱ አባዬ ያፍር ነበር፤ ስለዚህ የመንደሩን መድኃኒት በሙሉ ከየቤቱ ሰብስበው መጋዘን ቆለፉበት። ከእንግዲህ የሚረጭ ሰው የዕለቱን ብቻ ከሁለት ሰው ጋር ሆኖ ይወስዳል። ባለትራክተሩ ለዓመል ያህል አጉረመረመና የራሱን አስቀድሞ ጫነ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፣ አትቀየሚኝ። እኔ ስለ መፍቻና ስለ ዶማ ጻፍኩልሽ። ስለ ቁልፍ አንድም ቃል አልጻፍኩም። አንቺ ቁልፉን ከየት አመጣሽው? አንድ የምታውቂው ነገር አለ። ገንዘብ አትላኪ፣ ጫማም አልፈልግም። እሱን ላኪልኝ።

የወንድምሽ ልጅ


ጥር 21

ልጄ፣

ይህን በፖስታ አላመንኩትም። ነገ ለሚሳፈር ሰው ሰጥቼዋለሁ፤ በእጅሽ ይደርሳል። ሦስት ጊዜ ደውዬ አንቺ «ሄሎ» ስትዪ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ብቻሽን ሆነሽ አታንብቢለት። ነርሷ ትኑር። ይህ ሸክም ያንቺ አይደለም፤ የእኔ ነው። እኔ እስክደርስ የሚቆይ ስላልሆነ ብቻ ነው በእጅሽ ያለፈው። እንዲህ ብለሽ አንብቢለት፦

ወንድሜ፣ ንፋስ አልነበረም።

አባባ ከመሞቱ በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት ዕቃውን ሲሰጥ ነበር። ማረሻውን፣ መጋዙን፣ የዘር ሽንኩርቱን። እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ለጋስ አባት አለኝ ብዬ ኮርቼ ነበር። ምግቡን ለውሻው ሲሰጥም አይቻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። የሚነገር መሆኑን አላወቅኩም ነበር። ያን ዓመት በረዶ ማሳውን ጠራርጎት ነበር፣ እሱ ግን ስለ በረዶው አንድ ቀን አላወራም። ስለ ምንም አላወራም።

ያን ቀን አንተን ከእንጨቱ ሥር አቆመህ። «እኔ እስክጠራህ ዓይንህን ከጨርቁ እንዳታነሣ» አለህ። ምሳ ይዤ ስመጣ አንተ አንገትህን ወደ ላይ ሰቅለህ ቆመሃል። ጨርቁ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ እንደ ምላስ። አባባ ማሳው ውስጥ አልነበረም። ከመድኃኒት ክፍሉ ያገኘሁት እኔ ነኝ። አባባ የሄደው በገዛ እጁ ነው። ጀርባህን ሰጥተህ የቆምከው እንዳታይ ብሎ ስላዞረህ ነው። ይህን ያህል አስቦልሃል፤ ከዚያ ያለፈ ማሰብ አቅቶት ነበር። ያኔ ታሞ እንደነበር ዛሬ ነው የገባኝ። እዚህ ሆስፒታል እንደ እሱ ያሉ ሰዎች ሲተኙ፣ ሲታከሙ፣ ለብሰው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ አንሶላቸውን የማጥበው እኔ ነኝ። እሱን ግን ማንም አልጠየቀውም።

እማማ እንደደረሰች በር ዘጋች። ሰው ምን ይላል አለች። ቀብሩ፣ መሬቱ፣ የእኔ መዳር። «ንፋስ ዞሮበት ነው በሉ» አለች፤ አስማለችኝም። ንፋስ ዞረ ካልን ደግሞ ንፋስ የሚጠብቅ ልጅ ነበር። ያን አላሰብነውም። ሳናስበው በአንተ ላይ ወደቀ፣ ሲወድቅም ዝም አልን። እማማ እስክትሞት አልናገርም ብዬ ማልኩ። እሷ ከሞተች በኋላ ያለው ዝምታ ግን የራሴ ብቻ ነው።

ከአገር የወጣሁት ለሥራ አይደለም። አንተ በየማሳው ጨርቅ ስታስር ማየት አልቻልኩም። እዚህም የተሰቀለ ጨርቅ ሳይንቀሳቀስ ካየሁ ትንፋሼ ይቆማል፤ ለዚህ ነው መስኮት የማስከፍተው።

አንተ አልተኛህም። አንተ አልገደልክም። ያየኸው ልክ ነበር።

ልጄ፣ ይህን ካነበብሽለት በኋላ አትለዪው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው አጠገቡ ይኑር። የፈለገውን ቢለኝ ጻፊልኝ፣ አታሳምሪው።

እትዬሽ


የካቲት 12

ለእትዬ፣

የእኔን ሰላምታ ብቻ ተቀበዪኝ፤ ዛሬ ከቤታችን የሚላከው የእኔ ብቻ ነው።

አነበብኩለት። በረንዳው ላይ፣ ማክሰኞ፣ ሰዉ ከሄደ በኋላ። ነርሷ ትንሽ ራቅ ብላ ካርዶች ታስተካክል ነበር፣ ግን ካርድ አትገለብጥም፣ እያዳመጠች ነው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ዘርግቼ ሁለቴም አጠፍኩት። አባዬ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና፣ «አንብቢው፣ እሰማለሁ» አለኝ።

«ንፋስ አልነበረም» ስል ዓይኑን ጨፈነ። እስኪያልቅ አልገለጠውም። ሲያልቅ፣ «ጨርቁ ያለበትን ድገሚልኝ» አለ። ደገምኩለት። «እንደገና» አለ። ሦስት ጊዜ አነበብኩለት። በሦስተኛው እጁ መንቀጥቀጡን ትቶ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ አልተወም። ባርኔጣው ከጉልበቱ ወደቀ፣ ነርሷ አነሣችለት።

«ነግሬያት ነበር» አለ።

«ለማን?» አለችው ነርሷ።

«ለእትዬ። በዚያው ቀን። ጨርቁ አልተነቃነቀም አልኳት። ጭኗ ላይ አስተኝታ ራሴን እየዳበሰች፣ ‹አይ ወንድሜ፣ ተኝተህ ነው› አለችኝ። እናቴ አይደለችም ያለችኝ። እትዬ ናት። እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸት ነበር።»

ይህን አልጻፍሽውም ነበር እትዬ። አታሳምሪው ስላልሽኝ ጻፍኩልሽ።

ከዚያ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ማሳው ሄደ። እኔና ነርሷ ከኋላ ከኋላ። ሳይተከልበት የቀረው መደብ ጋ ሲደርስ ቆመ። አልጮኸም። እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ባለትራክተሩ ከሩቅ አየና ሞተሩን አጠፋ፤ መጥቶ አጥሩ ላይ ተደገፈ፣ አልቀለደም። ኋላ ላይ ብቻ፣ «ቤት እንሂድ፣ እርቦኛል» አለው፤ ሳይርበው። አባዬም ተከተለው። ያን ቀን ከእነሱ ቤት ዳቦ በላ። ሁለት ቁራሽ።

ደሙ ተመርምሮ መድኃኒቱ እንደጎዳው ታውቋል። ሦስት ወር መርጫ እንዳይነካ ተከልክሏል፤ የእኛን እየተፈራረቁ የሚረጩት ጎረቤቶች ናቸው፣ ጓንቱንም እነሱ ናቸው የሚያደርጉት። ነርሷ ከተማ ካለው ሐኪም ጋር አገናኝታው ሁለት ጊዜ ሄዷል፤ የሚዋጥ ነገር ሰጥተውታል፣ የምሰጠው እኔ ነኝ። ዳነ አልልሽም። ትናንትም በመሄጃው ላይ ጎኑን ሰጥቶ ቆሞ አየሁት። እኔም ቁልፉን ከያዝኩ ወዲህ፣ ከዓይኔ በተሰወረ ቁጥር እስከ መቶ እቆጥራለሁ፤ በፊት ያላደረግሁትን ግን አሁን አደርጋለሁ፣ መቶ ሲሞላ እጠራዋለሁ። «አባዬ» ብዬ፣ ማሳው ሙሉ እስኪሰማ። «አለሁ» ይላል። ጎረቤቶች ይህች ልጅ ድምፅ አላት ለካ ይላሉ።

መልስ ይጽፍልሽ እንደሆነ ለሁለት ሳምንት ጠየቅሁት። ዛሬ ጠዋት ከጎኔ ተቀመጠና፣ «እጄ አይጽፍልኝም፣ አንቺ ጻፊ» አለ። ብዕር አነሣሁ።

«እትዬ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር» አለ።

ጻፍኩት። ጠበቅሁ። ውጪ ፓምፑ ሲሠራ ይሰማ ነበር። ሌላ የሚጨምር መስሎኝ ብዕሩን አላነሣሁም፤ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ነጥብ ሠራ፣ ይታይሻል።

«ሌላስ?» አልኩት።

«እሱ ነው።»

«ሰላምታስ? ያለ ሰላምታ ደብዳቤ አይላክም እኮ።»

ተነሥቶ ባርኔጣውን አደረገ።

«ሰላምታውን ስትመጣ» አለ።